እርድ በወተት፦ ፕሮቲኑ ይሸከመዋል ወይስ ይዞ ያስቀረዋል?

ይህ የውይይት ክር በጣም ረዝሟል። ከመሐል የሚገቡ ሰዎች የተመለሰውን እየደጋገሙ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እስካሁን የተባለውን በራሴ አነጋገር ላሳጥረው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የራሴም አስተያየት እዚህም እዚያም ጣል ተደርጎበታል፤ የማይስማማ ከታች ይጻፍ።

መነሻው ጥያቄ፦ ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ ጁስ ቤት አላት። እርድ በወተት ሜኑዋ ላይ ልትጨምር ነው። እርዱ ግን ብርጭቆው ሥር እየዘቀጠ አስቸገራት። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ከርኩሚን የሚባለው የእርዱ ቢጫ ንጥረ ነገር በውሃ እንደማይሟሟ፣ የወተት ፕሮቲን ግን ተሸክሞ ወደ ሰውነት እንደሚያስገባው ሰማች። ነገሩ እውነት ከሆነ የቱ ወተት ይሻላል ትላለች፤ ስቡ የወጣለት ወይስ ሙሉው? ሌላው ጥያቄዋ ሜኑው ላይ ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል ብላ መጻፍ ትችል እንደሆነ ነው።

መልስ 1። ዱባይ ከሚኖር አባል። ህንዳውያን የሥራ ባልደረቦቹ ጉንፋን ሲይዛቸው እርድ በትኩስ ወተት እንደሚጠጡ ነገረን። ለዘመናት የተጠጣ ነገር ምርምር አያስፈልገውም ባይ ነው። ጨዋ መልስ ነው፤ ጥያቄውን ግን አልነካውም።

መልስ 2። ቅመማ ቅመም ማዘጋጃ ውስጥ ጥራት የሚቆጣጠር ሰው። ነገሩን መሬት ያስያዘው እሱ ነው። ዝቃጩ በአብዛኛው ከርኩሚን አይደለም አለ። እርድ ውስጥ ከርኩሚን 3 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። የቀረው ስታርች፣ አሰርና የመሳሰለው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ቢመዝን፣ ከርኩሚኑ 90 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ስታርችና አሰሩን የትኛውም ፕሮቲን ተሸክሞ አያቆመውም። ስለዚህ ዝቃጭ መኖሩ ወተቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ዝቃጭ መጥፋቱም ሠርቷል ማለት አይደለም። በጣም የላመ እርድ ገዝታ፣ በቀስታ አሙቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ እንድታጠልል መከራት።

መልስ 3። ጠያቂዋ አመስግና፣ ሳጠልል ከርኩሚኑም አብሮ አይሄድም ወይ አለች። ከፊሉ መሄዱ እንደማይቀር ያው የቅመም ባለሙያው መለሰላት። የዱቄቱ ቅንጣት ውስጥ ተይዞ የሚቀር አለና።

መልስ 4። የምግብ ሳይንስ ማስተርሷን የምትሠራ ልጅ። ረጅም ነው፤ ግን ያላነበበው ሰው የኋላውን ጠብ አይረዳውም። ዋናውን ላስቀምጥ።

የላም ወተት ውስጥ ፕሮቲን 3.3 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነው ኬዚን ነው፤ አይብ ሲወጣ የሚረጋው። ሌላው አጓት ውስጥ የሚገኘው ነው። ኬዚን ወተት ውስጥ ለየብቻው አይንሳፈፍም። ብዙ ሺህ ሞለኪውሎች በካልሲየም ፎስፌት ተያይዘው ድቡልቡል ነገር ይሠራሉ፤ ማይሴል ይባላል። የአንዱ ስፋት በአማካይ ከ150 እስከ 200 ናኖሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ነው። ውስጡ ውሃ የማይወዱ ቦታዎች አሉ። ከርኩሚንም ውሃ ስለማይወድ እዚያ ይጠጋል። ማይሴሉ ግን ላዩ ውሃ ስለሚወድ ወተቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። የሚሸከም ሲባል ነገሩ ይኸው ነው።

ከአጓት ፕሮቲኖች ደግሞ ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባለው አለ። በ1934 እ.ኤ.አ. ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው። 162 አሚኖ አሲዶች አሉት። መሐሉ ጎድጓዳ ነው፤ ቪታሚን ኤንና የስብ አሲዶችን እዚያ ይይዛል። ከርኩሚንና ከወይን የሚገኘው ሬስቬራትሮልም እዚሁ ፕሮቲን ላይ ሲጣበቁ ታይቷል። እንዴት ይታወቃል ለሚል፣ ፕሮቲኑ ውስጥ ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ ልዩ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል። ሌላ ነገር ሲጣበቅበት ብርሃኑ ይደክማል። ተመራማሪዎቹ የሚለኩት ያንን መድከም ነው።

ልጅቱ አንድ ሌላ ነገርም ጨመረች፤ ለእኔ ከመሸከሙ ይልቅ የሚያሳምነኝ ይሄ ነው። ከርኩሚን አሲድነት በሌለው ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። በሰውነት ሙቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ 90 በመቶው ሊጠፋ ይችላል። ፕሮቲን አብሮት ሲኖር ግን መበላሸቱ በጣም ይዘገያል። በዚህ በኩል ወተቱ ጠባቂም ነው።

በ2007 እ.ኤ.አ. እስራኤል ሃይፋ የሚገኘው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቪታሚን ዲ2ን ኬዚን ማይሴል ውስጥ አስገብተው እንዳሳዩ፣ በዓመቱ ደግሞ ህንድ ጉዋሃቲ ውስጥ ከርኩሚን በኬዚን ማይሴል ተጭኖ የካንሰር ሕዋሳት ላይ እንደተሞከረ ጠቅሳ ጨረሰች።

መልስ 5። ከኔታንያ። ሃይፋ ስትነሳ ደስ ብሎት ነው የጻፈው። ከዚያ ስለ እስራኤል የወተት ዋጋ ገባ፤ ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ይዝለሉት።

መልስ 8። ፋርማሲስቱ የገቡት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ኮስታራ ናቸው። የልጅቱን ጽሑፍ አደነቁና ወዲያው አፈረሱት። ከርኩሚን ብርጭቆ ውስጥ መሟሟቱና ደም ውስጥ መድረሱ ለየቅል ነው አሉ። ሚኒባስ መሳፈር ሜክሲኮ መድረስ አይደለም ብለው ተረቡ፤ ያቺ ሚኒባስ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰች አይጠየቅም።

ክርክራቸው እንዲህ ነው። ኬዚን ጨጓራ ውስጥ ሲገባ በአሲዱ ይረጋል። ፔፕሲን የሚባለው የጨጓራ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ቤታ ላክቶግሎቡሊን ፔፕሲንን ይቋቋማል፤ አንጀት ሲደርስ ግን እሱም ይፈጫል። ስለዚህ ተሸካሚው መንገድ ላይ ይፈርሳል። ከርኩሚኑ ያኔ ከሐሞትና ከስብ ጋር ካልተቀላቀለ ተመልሶ ይዘቅጣል። የአንጀትን ግድግዳ ቢያልፍ እንኳን ግድግዳው ራሱና ጉበት ሌላ ነገር ለጥፈውበት እንዲወገድ ያደርጉታል። ይህን የኋለኛውን በር ወተት አይከፍተውም። የሃይፋው ጥናት ተሸካሚው እንደሚሠራ ነው የሚያሳየው፤ የጉዋሃቲው ደግሞ ሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት ነው፤ ሰው አልጠጣውም አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድ የመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት የወጣ ግምገማ ከ120 በላይ የሰው ሙከራዎችን አንስቶ፣ ሐኪሙም ታማሚውም ሳያውቁ ከማስመሰያ (መድኃኒት ከሌለበት ክኒን) ጋር በተወዳደረ ሙከራ ከርኩሚን አንድም ጊዜ እንዳልተሳካለት መጻፉንም አስታወሱን።

መልስ 9። የእናቷን የጉልበት ሕመም እርድ አስታግሶልኛል የምትል አባል ተቆጣች። ፋርማሲስቱ ኪኒን ስለሚሸጡ ነው ብላ ደመደመች። እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ ማለት ጀመረ።

መልስ 10። ፋርማሲስቱ መልሰው ተቆጡ። እናትሽ ስለተሻላቸው ደስ ይለኛል፤ የአንድ ሰው መሻል ግን ፕሮቲኑ ተሸክሞ ስለመግባቱ የሚያስረዳው የለም፤ ይህ ነው የመልሱ ጭብጥ። ልክ ናቸው፤ ቃናቸው ግን ለስለስ ቢል ጥሩ ነበር።

መልስ 11። ቁንዶ በርበሬ መጣ። ለነገሩ እስከዚህ መቆየቱ ገርሞኛል። በ1998 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ በተሠራ ጥናት ሰዎች 2 ግራም ከርኩሚን ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ከሚገኘው ፒፐሪን 20 ሚሊ ግራም ጋር ሲወስዱ፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው በ2000 በመቶ ጨመረ። ይህ ቁጥር በየማስታወቂያው አለ። ይህኛው አባል ወተቱን ተዉት፣ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ ባይ ነው።

መልስ 12። ልጅቱና ፋርማሲስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ፒፐሪን አይሸከምም። ጉበትና አንጀት ከርኩሚኑን የሚያስወግዱበትን ሥራ ነው የሚያዘገየው። ስለዚህ የወተቱና የቁንዶ በርበሬው ሥራ በተለያየ በር ላይ ነው። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ፒፐሪን 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ 20 ሚሊ ግራም ለማግኘት ቁንጥር ይበቃል። ችግሩ ከርኩሚኑ ላይ ነው። በመልስ 2 ስሌት 2 ግራም ለማግኘት ከ20 የሻይ ማንኪያ በላይ እርድ ያስፈልጋል። ያንን የሚጠጣ ደንበኛ ከተገኘ ጁስ ቤቱን እኔ እገዛዋለሁ። ፋርማሲስቱ ደግሞ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፒፐሪን በክኒን መልክ ሳያማክር እንዳይጀምር አሳሰቡ። ከርኩሚኑን የሚያቆየው መንገድ ሌላውንም መድኃኒት ሊያቆይ ይችላልና።

መልስ 14። ሻይ በወተት። ይቺን የጠየቀው ልጅ ብዙ አልጻፈም፤ ክሩን ግን ያሻሻለው እሱ ነው። ወተት የሻይን ጥቅም ይገድላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ እንዴት እዚያ አሳሪ፣ እዚህ ተሸካሚ ይሆናል አለ።

መልስ 15። ልጅቱ ሰፊ መልስ ሰጠች። በ2007 እ.ኤ.አ. በርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ውስጥ 16 ሴቶች ጥቁር ሻይ ሲጠጡ የደም ሥራቸው መስፋት ተሻሻለ። ትንሽ ስቡ የወጣለት ወተት ሲጨመርበት ግን መሻሻሉ ጠፋ። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ኬዚን ላይ ነው። ኬዚን ፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድ በብዛት አለው፤ ካቴኪን የሚባለው የሻይ ንጥረ ነገር ደግሞ እዚያ ላይ መጣበቅ ይወዳል። በሌላ በኩል በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የሆላንድ ጥናት ወተት ተጨመረም አልተጨመረም ደም ውስጥ የሚገኘው ካቴኪን ያው እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ የሻዩ ጉዳይ አልተዘጋም።

ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው አለች። ካቴኪን ራሱን ችሎ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ተሸካሚ አያስፈልገውም፤ ፕሮቲን ሲጣበቅበት የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ከርኩሚን ግን ብቻውን የትም አይደርስም። እኔ የምለው፣ ከመላው ክር አንድ መልስ ብቻ አንብብ የሚለኝ ካለ ይህን ነው የማሳየው። ወተት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ንጥረ ነገሩ ሳይጠራ አይመለስም።

መልስ 16። አንዲት ምግብ አብሳይ እኛ ይህን ድሮም እናውቀዋለን አለች። ቅቤ ስናነጥር ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱ፣ ከበሶብላው ጋር እርድ እንጨምር የለ? ብዙ ጭብጨባ አገኘች።

መልስ 17። የቅመም ባለሙያው በትሕትና አረማት። ቅቤ ሲነጠር አረፋ ሆኖ የሚወጣውና ሥሩ የሚቀረው ውስጥ ነው የወተቱ ፕሮቲን የሚገኘው። ንጥር ቅቤ ማለት ፕሮቲኑ የወጣለት ስብ ነው። እርዱን የሚይዘው ስቡ ነው እንጂ ኬዚን አይደለም። ይህንኑ ይዞ የጠያቂዋን ጥያቄ መለሰ። ሙሉ ወተት ከሁለቱም አለው፤ ማይሴሉም ስቡም። ተመራማሪዎች ስቡ የወጣለትን የሚመርጡት የፕሮቲኑን ሥራ ለይተው ለማየት ነው። ለጁስ ቤት ግን ስቡን ማውጣት ምን ይረባል? ሙሉውን ተጠቀሚ አላት።

መልስ 18። ጋምቤላ የሠራ ጤና ባለሙያ። ለወባ ኮአርተም ስንሰጥ በወተት ወይም ቅባት ባለው ምግብ ውሰዱ እንል ነበር፣ ያም የአርቲሚዥያ ተክል መድኃኒት ነው፣ ስለዚህ የወተት ፕሮቲን መሸከሙን በሥራ አይተነዋል አለ።

መልስ 19። ፋርማሲስቱ ይህኛውን በአክብሮት ነው ያስተካከሉት። ምክሩ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የምትሰጠው ይህ መድኃኒት ሁለት ነገር አለው። አርቲሜተር ከተክሉ በሚገኘው አርቲሚሲኒን መነሻነት የሚሠራ ነው። ከምግብ ጋር መወሰድን አጥብቆ የሚፈልገው ግን ሉሜፋንትሪን ነው፤ እሱ ደግሞ በፋብሪካ የተቀመመ ነው። በቅባት ምግብ መመጠጡ 16 እጥፍ ያህል ሊጨምር ይችላል። የሚረዳውም ስቡ ነው። 36 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት፣ ማለትም 1.2 ግራም ስብ፣ በቂ ሊሆን ተቃርቦ የተገኘበት ጥናት አለ። ከርዕስ ወጥቷል ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። እኔ ግን ቤት ውስጥ የወባ ታማሚ ያለው ሰው እዚህ ቢደርስ ይህን አንብቦ ቢሄድ ይሻለኛል።

መልስ 20። ጾም ላይ ምን እናድርግ? መልካም ጥያቄ ነበር። ልጅቱ ከበቆሎ የሚወጣው ዜይን፣ የአኩሪ አተርና የአተር ፕሮቲኖችም ለዚሁ ሥራ እየተሞከሩ እንደሆነ ጻፈች።

ከመልስ 21 እስከ 23። በጾም ወተት ስለሚሸጡ ቤቶች ክርክር ተነሳ። መሰዳደብ ነበረበት። አወያዩ ሁለቱን ሰርዟል፤ እኔም እዚህ አልደግመውም።

መልስ 24። ወተት የማይስማማው ሰው ዱቄት ኬዚን ይጠቀም ተባለ። አንዲት እናት ወዲያው አስቆመች። ወተት የማይስማማው በላክቶስ (በወተት ስኳር) ምክንያት ከሆነ ኬዚን ሊሆነው ይችላል፤ ላክቶሱ በአብዛኛው ወጥቶለታልና። አለርጂ ያለበት ሰው ግን የሚያጠቃው ራሱ ፕሮቲኑ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ሕፃን ላይ አደጋ ነው አለች። በዚህ ላይ የተከራከራት አልነበረም።

መልስ 25። አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ዘዴ አነሳ። አልኮል የለበትም፣ ከባድ ማሽን የለበትም። ኬዚንና ከርኩሚን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 12 በሆነ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ከርኩሚን እዚያ ይሟሟል፤ ኬዚኑም ይፈታታል። ከዚያ ፒኤቹ ወደ 7 ሲመለስ ኬዚኑ ተመልሶ ሲሰበሰብ ከርኩሚኑን ውስጡ ይዞት ይቀራል። ግሩም ዘዴ ነው። ሰውየው ግን ቀጥሎ፣ ቤት ውስጥ በቤኪንግ ሶዳ ልሞክረው ነው አለ።

መልስ 26። ፋርማሲስቱ ነደዱ። የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ፒኤች 8 ከምናምን ነው፤ 12 አይደርስም። ዘዴው አይሠራም፤ የሚተርፈው ከርኩሚኑን ማበላሸት ነው፤ ወተቱ ወደ ቀይ ሲያደላ ያኔ ይገባሃል አሉት። 12 ለማድረስ የሚያስፈልገው ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። እዚህ ጋ የተጠቀሙበት ቃል ትንሽ ሻካራ ነበር። ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መልስ 27። ወተቱ ሲፈላ ፕሮቲኑ አይሞትም ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ልጅቱ፦ ኬዚን መፍላትን ይችላል። ቤታ ላክቶግሎቡሊን ከ70 ዲግሪ በላይ ቅርፁ ይፈታል፤ ከኬዚን ማይሴሉ ላይም ሄዶ ይጣበቃል። ቅርፁ ሲፈታ ውሃ የማይወደው ጎኑ ስለሚገለጥ ከርኩሚን የመያዝ አቅሙ አይጠፋም። ስለዚህ ጥሬ ወተት ለመጠጣት ይህን ሰበብ የሚያደርግ ሰው አይኑር፤ አፍሉት።

መልስ 28። ሙግቱ ትንሽ በረደ። ፋርማሲስቱ በፕሮቲን መሸከም ጨርሶ የማያምኑ መስለው እንዳይታዩ አንድ ምሳሌ አመጡ። ፓክሊታክሰል ከዛፍ ቅርፊት የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ውሃ ውስጥ አልሟሟም ብሎ ብዙ አስቸግሯል። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን የተጫነው ዓይነት ተፈቀደ። አልቡሚኑ ከወተት ሳይሆን ከሰው ደም የሚገኘው ነው። የሚሰጠው ግን በደም ሥር ነው፤ ጨጓራንና አንጀትን አይቀምስም። ልጅቱ ይህን ወድዳ፣ የሃይፋዎቹ በኋላ ቪታሚን ዲ3ን በወተት ለሰዎች አጠጥተው በደም ውስጥ መድረሱን እንደለኩ ጨመረች። በአፍ የሚወሰድም ሊሠራ ይችላል ለማለት ነው። ፋርማሲስቱ፣ ቪታሚን ዲን ጉበት እንደ ከርኩሚን አያሳድደውም ብለው መለሱ። እኔ በዚህኛው ዙር ነጥቡን ለእሳቸው እሰጣለሁ።

መልስ 29። ስለ ጥንቃቄ። ለከርኩሚን የተቀመጠው የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊ ግራም፤ በመልስ 2 ስሌት ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ጉበታቸው የታመመ ሰዎች ከእርድ ክኒኖች ጋር ተያይዘው ነበር። ስለዚህ በደንብ እንዲመጠጥ የሚደረግ ነገር ሁሉ ትርፍ ብቻ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ እርድ ቢጫነቱ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል መርዛማ ቀለም ሲጨመርበት ተደርሶበታል። የቅመም ባለሙያው ሥሩን ገዝቶ ራስ ማስፈጨቱን ይመርጣል።

መልስ 30። ጠያቂዋ ተመለሰች። በሙሉ ወተት ትሠራዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ ትጨምራለች። ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል የሚለውን አትጽፍም። ቁንዶ በርበሬው ለጣዕም ነው ትላለች።

መልስ 31። ከጅግጅጋ። የግመል ወተት ቢሆንስ? እስካሁን የመለሰችው ልጅቱ ብቻ ናት፣ እሷም በአጭሩ። የግመል ወተት ቤታ ላክቶግሎቡሊን የለውም፤ የእናት ጡትም እንዲሁ። ስለዚህ ያ ጎድጓዳ ፕሮቲን ከጨዋታ ውጭ ነው። ኬዚኑ ውስጥ ግን ቤታ የሚባለው ዓይነት ከላም ወተት ይልቅ ይበዛል፣ ካፓ የሚባለው ያንሳል፤ ማይሴሎቹም ተለቅ ይላሉ። አይብ ለማውጣት የሚያስቸግረውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከርኩሚን የሚይዘው ውሃ የማይወደው የኬዚን ክፍል ስለሆነና ቤታ ኬዚን ደግሞ እሱን በደንብ ስላለው፣ እሷ የምትጠብቀው ይይዘዋል ብላ ነው። ፋርማሲስቱ እስከ አሁን ዝም ብለዋል። ሶማሌ ክልል ወይም አፋር የወተት ምርምር ላይ ያላችሁ፣ መልስ 32 የእናንተ ይሁን።